ከመትከልዎ በፊት ወንዙን ይዩ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩና ማሪዋና በሕግ መፈቀዱን የሰሙ ከሆነ፣ ጥቂት ይታገሡና መጀመሪያ ሚዛን ይግዙ። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ቢሆን ይመረጣል። ዕድሜዎ 21 ከሞላ፣ ዲሲ ውስጥ እስከ 2 አውንስ (56 ግራም ገደማ) በኪስዎ ቢገኝ የሚጠይቅዎ የለም፤ ናሽናል ሞል ሣር ላይ እስካልቆሙ ድረስ ነው ታዲያ፣ ሣሩ የፌዴራል ነውና። ሜሪላንድ አንድ ተኩል አውንስ፣ ቨርጂኒያ አንድ ብቻ ይፈቅዳሉ። ድልድይ ላይ ቆሜ ትርፉን ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ እደፋለሁ ብለው እንዳያስቡ። አንድ ግራምም ቢሆን ይዞ መሻገሩ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ማብቀል ካማረዎ ደግሞ ቤት ሲከራዩ በችግኝ ልክ ይምረጡ። ዲሲ ለአንድ ሰው 6 ችግኝ ይፈቅዳል፤ ያበቡት ግን ከ3 መብለጥ የለባቸውም። አራተኛዋ ላብብ ስትል ቀስ ብለው ይምከሯት። ቨርጂኒያ 4፣ ሜሪላንድ 2 ነው፤ ያውም ለቤቱ እንጂ ለሰው አይደለም፤ አማትዎና ወንድምዎ አብረው ቢኖሩም የሚጨመርላቸው ድርሻ የለም። ኒው ጀርሲ ዘመድ ካለዎ ደውለው ያጽናኑት፤ 6 አውንስ መያዝ ይችላል፣ አንዲት ችግኝ መስኮቱ ሥር ካበቀለ ግን ወንጀለኛ ነው።

ቨርጂኒያን ከመረጡ የእጅ ጽሑፍዎን ያሳምሩ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ በእያንዳንዷ ችግኝ ላይ ስምዎን፣ የመንጃ ፈቃድ ወይም የመታወቂያ ቁጥርዎን፣ ለግል ፍጆታ መሆኗንም ጽፎ ማንጠልጠል ግዴታ ነው። ከመንገድም መታየት የለባትም። ጎረቤትዎ በአውሮፕላን ወይም በሩቅ ማያ መነጽር አይቶ ቢከስዎ አይስጉ፤ ሕግ አውጪዎቹ ይህንንም አስበው፣ መታየት ማለት ያለ አውሮፕላንና ያለ መነጽር መሆኑን ጽፈውልዎታል።

ዲሲ ውስጥ ለሕክምና ካልሆነ በቀር መስጠት እንጂ መሸጥ አይቻልም። ነዋሪው በ2014 በድምፁ ሲያጸድቀው፣ ኮንግረስ ከተማዋ ለሽያጩ ደንብ እንዳታወጣ በጀቷን አሰረባት። ነጋዴ ምን ያድርግ? ተለጣፊ ሥዕል በውድ ይሸጥልዎና ማሪዋናውን እንደ ምርቃት ጣል ያደርግልዎ ነበር። ከተማዋ በኋላ ብዙዎቹን ሱቆች አሽጋለች። ተለጣፊው እጅዎ ላይ ከቀረ ላፕቶፕዎ ላይ ይለጥፉት።

ያለዎት ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ግን እስካሁን ያነበቡትን ይርሱት። የዜግነት ማመልከቻዎን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት የፌዴራል ነው፤ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም ማሪዋና «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን መመዘኛ ሊያሳጣ ይችላል ብሏል። እርስዎ ጤና አዳም ይትከሉ። ቁጥር አልተወሰነለትም፣ ስም አይንጠለጠልበትም፤ ከመንገድ ቢታይ ደግሞ ቡና ጠጪ ጎረቤት ይጠራልዎታል።