ብቻውን በብስክሌት አገር የሚያቋርጥ ሰው፦ ስለ አነሣሡ የቀረበ ጥናት

ሰው ከአገሩ የሚወጣበት ምክንያት በሚገባ ተጠንቷል። ሥራ ፍለጋ፣ ትምህርት፣ ንግድ፣ ስደት፣ ቨርጂኒያ ያለች አክስት። ያልተጠናው አንድ ወገን ብቻ ነው። ይህ ወገን ሥራ አለው፤ ለአውሮፕላን ትኬት የሚበቃ ገንዘብም አያጣም፤ የሚያሳድደው የለም። ሆኖም አንድ ማለዳ ሥራውን ይለቅና፣ ቤቱን ለሰው ያከራይና፣ ድንኳኑን በሁለት ጎማ ላይ ጭኖ ማንም ወዳልጠራው አገር ብቻውን ይነሣል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን መነሣት ነው። መድረሱ እኛን አይመለከተንም። ብዙውን ጊዜ እሱንም አይመለከተውም።

የጥናቱን ወሰን አስቀድመን እናስምር። ዓለምን ለክብረ ወሰን የሚዞሩት እዚህ አይገቡም። ስኮትላንዳዊው ማርክ ቦሞንት በ2017 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፓሪስ ተነሥቶ በ79 ቀን ፓሪስ ተመልሷል። ደንቡ ከ28 ሺህ 900 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ስለሚያስገድድ፣ ሰውየው በቀን በአማካይ ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል ማለት ነው። የሚያበላውና የሚያስተኛው ረዳት ቡድን ነበረው፤ ይቸኩል ነበር፤ ቤቱም መመለስ ፈልጓል። በዚህ ጥናት መመዘኛ ፍጹም ጤነኛ ሰው ነው። እኛ የምንፈልገው የማይቸኩለውን ነው።

መላ ምታችን አጭር ናት፦ ከመንገደኛ ሁሉ በሰው ትከሻ ላይ የሚሄደው፣ ብቻዬን ሄድኩ የሚለው ነው።

የመስኩ አባት ቶማስ ስቲቨንስ ይባላል። እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ይህ ሰው በኤፕሪል 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ምሥራቅ ተነሣ። የነዳት ብስክሌት የፊት ጎማዋ 127 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ የኋላው ግን የድስት ክዳን የሚያህል፣ ፍሬኗ ጠንከር ተደርጎ ሲያዝ ነጂዋን በግንባሩ ወደ መሬት የምትሰድድ ዓይነት ነበረች። ዕቃው ካልሲ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ድንኳንም ብርድ ልብስም የሚሆን የዝናብ ካፖርትና አንድ ሽጉጥ ነው። በኦገስት ቦስተን ደረሰ። ከመንገዱ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን በእግሩ ስለተጓዘው፣ በታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ የብስክሌት ጉዞ በከፊል ብስክሌት የማጀብ ሥነ ሥርዓት እንደነበር ልብ ይሏል።

ስቲቨንስ በማግሥቱ ዓመት ከእንግሊዝ ተነሥቶ ቀጠለ። ቱርክ ሲገባ መንደርተኛው ከቦ «ካልነዳህ አንለቅህም» ይለው ነበር። ቴህራን የፋርሱ ንጉሥ እንግዳ ሆኖ ክረምቱን አሳለፈ። አፍጋኒስታን ላይ ተይዞ ተመለሰ፤ በሕንድና በቻይና በኩል ዞሮ በዲሴምበር 1886 ዮኮሃማ ገባ። ደብዳቤዎቹን አውቲንግ የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ያትምለት ነበር። እንግዲህ ንጉሥ ያስከረመው፣ መጽሔት የጻፈለት፣ መንደር ሙሉ ያጀበው ሰው ነው «ብቻውን ዓለምን የዞረ» ተብሎ የሚጠራው።

አኒ ለንደንደሪ ደግሞ ነገሩን ከሁሉም በግልጽ ያስቀመጠች ናት። የሦስት ልጆች እናት ስትሆን ትክክለኛ ስሟ አኒ ኮፕቾቭስኪ ነበር። በ1894 ከቦስተን ስትነሣ ለንደንደሪ የተባለው የምንጭ ውኃ ድርጅት 100 ዶላር ከፍሏት ስሙን በብስክሌቷ ላይ ለጠፈች፤ አልፋ ተርፋም የራሷ የቤተሰብ ስም አደረገችው። ከጉዞዋ ብዙውን የሄደችው በመርከብ ነው። ተቺዎቿ ይህን እንደ ነውር ያነሡታል። እኔ በበኩሌ ከመስኩ ሰዎች ሁሉ ውቅያኖስን በብስክሌት ማቋረጥ እንደማይቻል ቀድማ የተረዳች አድርጌ ነው የማያት።

መላ ምትን የሚቃወም ማስረጃ መደበቅ ነውር ነውና ፍራንክ ሌንዝን እንጨምር። በ1892 ከፒትስበርግ ተነሣ፤ በ1894 በምሥራቅ ቱርክ ጠፋ፤ አልተመለሰም። እሱ መጨረሻው ላይ በእውነት ብቻውን ነበር። ሌላ የምንለው የለም።

ወደ ዕቃው እንለፍ፤ የዘመኑ ተነሺ ጠባይ የሚታወቀው በዕቃው ነውና። ከመነሻው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ የወጥ ቤት ሚዛን ይገዛል። ሚዛኑ ላይ ሽንኩርት አይቀመጥበትም። የሚመዘነው ማንኪያ፣ ካልሲ፣ የድንኳን ካስማ ነው። የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ይቆርጣል፤ በዚህም ጥቂት ግራም ያተርፋል። ከዚያ ውኃ የማያስገቡ የጎን ቦርሳዎች ይገዛል። እነዚህ ቦርሳዎች የራሳቸው ሊቅ አላቸው፦ ጀርመናዊው ሃርትሙት ኦርትሊብ እንግሊዝ ውስጥ በብስክሌት ሲዞር ዝናብ ዕቃውን አበሰበሰው፤ የጭነት መኪና ሸራ ሲያይ መላው መጣለት፤ በ1982 ድርጅቱን አቋቋመ። ተጓዡ በቦርሳዎቹ ውስጥ ቡና ማፍያ፣ ሁለት ባትሪ፣ ለባትሪዎቹ ባትሪ፣ እንዲሁም ስለ ቀላል ኑሮ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ያስገባል። ብስክሌቱ ሲነሣ ዕቃው ብቻ በቀላሉ 25 ኪሎ ይሆናል። የጥርስ ብሩሹ ግን አጭር ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ እናት ትገባለች። ጥናታችን የመረጠው ፍራንክፈርት ያደገውን፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኘውን የእኛን ልጅ ነው። ንግግሩ በየቤቱ ስለሚመሳሰል እንደ ናሙና ይወሰድልን፦

«በምን ነው የምትሄደው?»

«በብስክሌት፣ እማዬ።»

«እስከ አውሮፕላን ማረፊያ?»

«እስከ ኢስታንቡል።»

«ከሥራ አባረሩህ?»

«ኧረ አላባረሩኝም።»

«እና ከማን ጋር ነው?»

«ብቻዬን።»

«ወይኔ ልጄን! ምን በድለንህ ነው?»

እናት በመንገዱ ርዝመት አልደነገጠችም። ወሎ ድረስ በእግር የሄደ አያት በቤተሰቡ አለ። ያስደነገጣት ብቻውን የሚለው ነው፤ በእኛ ዘንድ ብቻውን የሚሄድ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ተስሏል፣ ወይ ታሟል። ሦስቱንም አለመሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ወደ ተግባር ትገባለች። በተነሣበት ማለዳ ልጁ በግራም ያመጣጠነው ጭነት ላይ በሶ በላስቲክ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ይታከላል። ሲቃወም አትሰማም። ከሳይንስ አንጻር ልክ ናት። የተራራ ዕቃ መደብሮች ደረቅ ምግብ በታሸገ ከረጢት ውድ ይሸጣሉ፤ ተጠቃሚው ግን ውኃ ማፍላት፣ ለማፍላትም ምድጃ መያዝ አለበት። በሶ እሳት አይጠይቅም። በጥብጠህ ትጠጣለህ፤ ወይ በእጅህ ጨብጠህ ትበላለህ። ገበሬና ወታደር ለዘመናት የተስማሙበትን ስንቅ ልጁ የሚያደንቀው ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ምድጃው አልነድ ብሎት፣ ዝናብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። «እመቤቴ ትከተልህ» የሚለው ምርቃት ሲጨመር፣ ልጁ ከደጃፉ ሳይርቅ የጉዞ ጓደኛ ተመድቦለታል።

የመጀመሪያው ቀን አጭር ነው። ይህ እንደ ሕግ ሊወሰድ ይችላል። ለጓደኞቹ የነገራቸው ርቀት ሌላ፣ የመጀመሪያውን ማታ ያደረበት ሌላ። የግራ ጉልበቱ ይናገራል፤ ኮርቻው ስለ ራሱ ማስታወቂያ የተጻፈውን አያውቅም። ከዳኑብ ሲደርስ ደግሞ ከፓሳው እስከ ቪየና ያለው የታወቀ የብስክሌት መንገድ ሜዳ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላብ ሳይነካቸው፣ ኬክ ወደሚበሉበት ቤት እየተጣደፉ፣ በጨዋነት ሰላም ብለው ያልፉታል። ዓለምን ሊያሸንፍ የወጣ ሰው በዚህ ሰላምታ የሚሰማው ስሜት እስካሁን ስም አልወጣለትም።

መላ ምታችን በጥብቅ የሚፈተነው ግን እኛው አገር ነው። ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄዱት ባለብስክሌቶች ብዙዎቹ፣ የሱዳን ጦርነት በ2023 እስኪነሣ ድረስ፣ በመተማ ገብተው በሞያሌ ይወጡ ነበር። ፈረንጁ ከሱዳን በረሃ ወጥቶ ብቸኝነት ጠግቦ ነበር የሚመጣው፤ ሆኖም ትንሽ ይናፍቀው ነበር። ከጎንደር በታች አንድ ዋርካ ያያል። ግራ ቀኝ ያማትራል፤ ከአድማስ እስከ አድማስ የጤፍ ማሳ እንጂ ሰው የለም። ሰርዲኑን ይከፍታል። አንድ ልጅ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊቱ ቆሟል። ቀና ሲል አራት ሆነዋል፤ ሰርዲኑን ሳይጨርስ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጥቷል። ማንም አይናገርም፤ ሲያኝክ ያዩታል። ብቻውን መብላት ነውር በሆነበት አገር ብቻውን ሊበላ የተቀመጠ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይጠብቃል?

ሲነሣ «ዩ! ዩ! ዩ!» ይጀመራል። ቀጥሎም ሰዋስው የማያግደው «ዌር አር ዩ ጎ?» ይከተላል። ፈላስፎች በሦስት ሺህ ዓመት ያልመለሱት ጥያቄ ነው፤ ተጓዡም አይመልሰውም፣ ትንፋሽ የለውማ። ድንጋይም የሚወረወርበት ጊዜ አለ። ባለብስክሌቶች በየጽሑፋቸው ያማርራሉ፤ ይህን መካድ ከምሁር አይጠበቅም፣ ማስተባበልም አይገባም። ልናቀርብ የምንችለው የአሠራር ማብራሪያ ብቻ ነው፦ እረኛ ከመንጋው ተነጥሎ ብቻውን የሚሄድ ፍጡር ሲያይ የሚመልሰው በጠጠር ነው፤ ሙያው ይህ ነው።

የዓባይ በረሃ የምርምሩ ቁንጮ ነው። ከደጀን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ይሸታል። ዳገቱ ላይ ባለብስክሌቱ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቶ፣ የእግረኛን ያህል እየተንፏቀቀ፣ ካቴናው እየጮኸ ይወጣል። ከጎኑ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ ይሮጣል። ልጁ አያልበውም። እየሮጠ ስም ይጠይቃል፣ አገር ይጠይቃል፣ የብስክሌቱን ዋጋ ይጠይቃል፣ ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ አስተያየቱን ይሰጣል፤ በመሐል ከኋላ ሆኖ ይገፋል። ፈረንጁ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ በማስታወሻው ላይ ዳገቱን ብቻውን እንደወጣው ይጽፋል።

አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በዚህ አገር ብስክሌት እንደማያዋጣ አስቀድማ የተረዳች ይመስላል። በአሥረኛ ልደቷ ብስክሌትና አትላስ ተሰጣት፤ በዚያው ሰሞን ሕንድ እነዳለሁ ብላ ቆረጠች። እናቷን ስታስታምም ቆይታ የተነሣችው በ1963፣ በ31 ዓመቷ፣ በበረዶ መሐል ነው፤ በመስኩ ከሚታወቁት ዝግጅቶች ረጅሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሮዝ ባለቻት ብስክሌቷ ሕንድ ገባች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ ጆክ ያለችውን በቅሎ አስከትላ የሰሜንን ተራራ በእግሯ ወጣች። የአገሩን የክብር ደረጃ ለሚያውቅ ምርጫዋ አያከራክርም። በቅሎ ያለው ጌታ ይባላል። እግሩን እያሽከረከረ በራሱ ጉልበት የሚሄድ ነጭ ሲያይ ግን ገበሬው በእውነተኛ ሐዘኔታ «ምስኪን፣ መኪናው ተበላሽቶበት ነው?» ይላል።

የቀረን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ነው። የእሱ ጉዞ ከፔዳል በፊት በመስኮት ይጀምራል። የሸንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የማደሪያ ማረጋገጫና ገንዘብ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ማቅረብ አለበት፤ የሚፈቀድለትም ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስለ ሆቴል እንጂ ስለ ድንኳን አላሰቡም።

«የት ነው የሚያርፉት?»

«ድንኳን ይዣለሁ።»

«ይሄ የሆቴሉ ስም ነው?»

«አይ፣ የመሸበት ቦታ ነው የምተክለው።»

«እሺ፣ የመሸበት ቦታ አድራሻውን ይጻፉልኝ።»

አመልካቹ ወጥቶ የማያድርበትን ሆቴል ያስይዛል፤ የማይሳፈርበትን አውሮፕላን ያስይዛል። ብስክሌቱ በዚያን ሰዓት ከሱቅ ተለምኖ በመጣ ካርቶን ውስጥ ነው፦ መሪው ተጣሞ፣ ጎማው ተንፍሶ፣ ፔዳሎቹ ወልቀው። የግራው ፔዳል በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ የማያውቅ ሰው መፍቻ ይሰብራል፤ ጎሚስታው መጥቶ በአንድ እጁ ይፈታዋል፣ ገንዘብም አይቀበልም። «ብቻህን ነው የምትሄደው?» ብሎ ግን ይጠይቃል።

በቪዛ ቅጹ ላይ ከሁሉም የሚያስቸግረው የመመለሻ ቀን የሚለው ነው። ጀርመናዊው ሃይንዝ ሽቱከ የፋብሪካ ሥራ ሰልችቶት በ1962 ከትውልድ ከተማው ከሆቨልሆፍ ባለሦስት ማርሽ ብስክሌት ነድቶ ወጣ። ከ600 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከነዳ በኋላ ለመኖር ሆቨልሆፍ የተመለሰው ከ50 ዓመት ግድም በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመስኮቱ ቀርቦ ቅጹን በሐቅ ቢሞላ የስንት ዓመት የባንክ ደብተር እንደሚጠየቅ ለቀጣይ ጥናት ትተነዋል።