የፕሮሰስ መልክዓ ምድር፦ ከጅማና ከአካባቢዋ የቡና ከተሞች የተገኙ ማስረጃዎች

በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በየቡም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሊጠይቅ ቢሮ ጎራ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ሦስት ቃል ነው፦ «ፕሮሰስ ላይ ነው»። ቃሉ የእንግሊዝኛ መሆኑን፣ ትርጉሙም አንድን ነገር ከመነሻው ወደ መድረሻው የሚያደርስ ተከታታይ ሥራ መሆኑን መዝገበ ቃላት ይነግሩናል። መዝገበ ቃላቱ ስለ እንግሊዞች እውነታቸውን ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ፕሮሰስ ሥራ አይደለም፤ ቦታ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ ሰዋስው ነው። ባለጉዳዩ የሚጠይቀው «የት ደረሰ?» ብሎ ነው፤ ጥያቄው ስለ ቦታ ነው፣ ጸሐፊዋም የምትመልሰው ስለ ቦታ ነው። «ጠረጴዛ ላይ ነው»፣ «ዞን ላይ ነው»፣ «ፕሮሰስ ላይ ነው» በሚሉት መካከል የአነጋገር ልዩነት የለም። በአካባቢው በስፋት የሚነገረው ኦሮምኛም «ኢራ ጂራ» ሲል ያንኑ «ላይ ነው» ይላል፤ ሁለት የተለያየ ዘር ያላቸው ቋንቋዎች ተመካክረው ተሳስተዋል ማለት ደግሞ ይከብዳል። ጉዳይ ፕሮሰስ ውስጥ ይገባል። ሲቀናው ይወጣል፦ ካርታው ወጣ፣ ፓስፖርቷ ወጣ፣ ፈቃዱ ወጣ እንላለን። የባንክ ብድር እንዲያውም አይወጣም፣ ይለቀቃል፤ የሚለቀቅ ነገር ደግሞ ተይዞ የነበረ መሆኑ ክርክር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ማስረጃ የቃሉ አገልግሎት ነው። ስለ አንዲት ወጣት «ፕሮሰስ ጀምራለች» ከተባለ የምን ፕሮሰስ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወይ ዓረብ አገር ወይ ካናዳ መሆኑ ይታወቃል። ልጅቱ ገና ቤቷ ቁጭ ብላ ቡና እያፈላች ቢሆንም ጎረቤት ግማሽ እንደሄደች ይቆጥራታል። «ብዙ ፕሮሰስ አለው» ማለት አትሞክረው ማለት ነው። «ፕሮሰስ የሚያደርግ ሰው አለ» ሲባል ደግሞ የተነገረው ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ዋጋ ነው፤ ያ ሰው የቦታውን በር የሚያውቅ አስገቢና አስወጪ ነው። በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ፕሮሰስ የጀመሩት ሁሉ እዚህም እዚያም አልነበሩም። አንድ ሰው እዚህም እዚያም ካልሆነ ሦስተኛ ቦታ መኖር አለበት።

የቋንቋ ተቆርቋሪዎች «ሂደት የሚል ያማረ ቃል እያለን የባዕድ ቃል ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ሂደት ያማረ ቃል መሆኑን ማንም አይክድም። ችግሩ ውስጡ ሄደ የሚል ግስ መኖሩ ነው። «ሂደት ላይ ነው» ያለ ሠራተኛ ጉዳዩ እየሄደ ነው ብሎ መስክሯል፤ በምስክርነቱም ሊጠየቅ ይችላል። ፕሮሰስ ግን በአማርኛ ጆሮ ሥር የለውም፣ ስለዚህ ምንም ቃል አይገባም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሲዘረጋ መምሪያዎች «ዋና የሥራ ሂደት» እና «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ተባሉ፣ ኃላፊውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» ሆነ። ሂደት በይፋ፣ በማኅተም፣ በበር ላይ ሰሌዳ ታወጀ። ባለቤት ያለው ነገር ርስት መሆኑን የለውጡ አርቃቂዎች ሳይታወቃቸው አረጋገጡልን፤ ሕዝቡ ግን ፕሮሰስ ማለቱን አልተወም። ቀድሞ የነበረው «ነገ ና» የሚለው መልስም የወደቀው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፦ ቀን ይጠቅስ ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከቡናው ሰፈር ነው። እዚህ አገር ፕሮሰስ በዓይን ይታያል፣ እንዴት ቦታ ነው ትላለህ? ይሉናል። እውነት ነው፣ ይታያል። ቀይ እሸት ቡና ይለቀማል፣ በዚያው ዕለት ይፈለፈላል፣ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይነሣል። ወይም ሳይፈለፈል ከነልብሱ ይደርቅና ጀንፈል ይሆናል፤ በዓለም ገበያ «ጅማ አምስት» የሚል ስም ያተረፈው ቡና የዚህኛው መንገድ ልጅ ነው። ጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ቡናውን ማጠብ ከጀመረ በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የጣዕም ውድድር አንደኛ መውጣቱም የሥራውን ኃይል ያሳያል። ነገር ግን አንባቢ ከላይ ያለውን ዝርዝር መለስ ብሎ ይመርምር። ለቀመ፣ ፈለፈለ፣ አጠበ፣ አሰጣ፣ አገላበጠ፤ እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ግስ አለው፣ እያንዳንዱም ግስ እጅ አለው። አልጋ ላይ ጎንበስ ያለችውን ሴት ምን እየሠራሽ ነው ቢሏት «እየለቀምኩ ነው» ትላለች እንጂ ፕሮሰስ እያደረግሁ ነው አትልም። ቃሉ ብቅ የሚለው ቡናው ከእጅ ርቆ ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው፦ «ናቹራል ፕሮሰስ»፣ «ዋሽድ ፕሮሰስ»፣ «ሃኒ ፕሮሰስ»። የመጨረሻው በተለይ ሊጤን ይገባል። ቡናው ተፈልፍሎ ዝልግልጉ ሳይታጠብ መድረቁን የሚገልጽ ስም ነው፤ ትርጉሙ ማር ቢሆንም ጠብታ ማር የለበትም። በጫካ ማሯ ለምትታወቀው ለጌራ ይህንን ማስረዳት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ አለው።

ስለዚህ የቡናው ተቃውሞ ሲመረመር ድጋፍ ሆኖ ይገኛል። ሕጉ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ የሚሠራ እጅ ባለበት ግስ አለ፣ ግስ በጠፋበት ፕሮሰስ ይገባል። ጸሐፊዋ «እየፈረሙት ነው» ወይም «እየመረመሩት ነው» ማለት ብትችል ትል ነበር፤ ግሶቹ አጥረው አይደለም።

«ቁም ነገር ያለው ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፣ መዘግየትን ለምን ታሾፉበታላችሁ?» የሚሉም አሉ። ጊዜ ማንንም አላስከፋም። የቡና ፍሬን የሚያበሰብሰው በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ሲገባ፣ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ገና ጥቂት ዓመት ዕድሜው ነበር። በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ፍለጋ ዓመታት ወሰደ። ግን ተመረጡ፣ ተፈተሹ፣ ተባዙ፣ ተለቀቁ፤ ዛሬም በየማሳው ያለው 74110 የተመረጠበትን ዓመት በስሙ መነሻ ተሸክሞ ይኖራል። ባለጉዳይ የሚጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም፦ መቼና ማን ምን እንዳደረገ።

የቦታው ስፋት ገና አልተለካም። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሰው በሚኒባስ ጠዋት ተነሥቶ ጉዳዩን ሳይጨርስ ለምሳ ይመለሳል። አንድ ደብዳቤ ከወረዳ ወደ ዞን ሲላክ ግን ይህንኑ መንገድ በሳምንታት ይሄደዋል። ደብዳቤው ከሰው አይከብድም፤ ስለዚህ ሌላ፣ በጣም ረጅም መንገድ አለ ማለት ነው፣ እሱም የሚያልፈው በፕሮሰስ ውስጥ ነው። አገልግሎቱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ይህ አገር ባዶ ይቀራል የሚል ተስፋ ይሰማል። እስካሁን የታየው ግን ከጎኑ «ሲስተም የለም» የሚባል አዲስ ሰፈር መመሥረቱ ነው። ሲስተም ሲኖርም ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ይሽከረከራል፣ ከሥሩም ያው ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ጸሐፊዋን «በእናትሽ ተመልከችልኝ» ብሎ መለመን ይቻል ነበር፤ ይህ ዘዴ በክቡ ላይ ሲሠራ እስካሁን አልታየም።