አውቶቡሱ ያዘዘው

ይድረስ ለተከበሩት አጎታችን፣ ጎንደር

ከሁሉ አስቀድሞ የዚህ ደብዳቤ ላኪ ደህና ነው፤ ሥራም አለው። ያዘዙትን ጫማ ገና አልላከም፣ ይልካል። ዛሬ የሚጽፈው ስለ እህትዎና ስለ ልጅ ልጃቸው ነው፤ ነታንያ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ወሬ የለምና።

«ልጁ ታላቅ ማክበር ያውቃል ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። አገሩማ ያዛል! በእስራኤል አውቶቡሶች ውስጥ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 32 የተወሰደ ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ሽበት ላለው ሰው ተነሣ የሚል ነው። እዚሁ አገር ታዲያ ተማሪ አስተማሪውን በስሙ ብቻ ይጠራል፣ ያውም ከክፍሉ ዳር እየጮኸ። አስተማሪውም ዞር ይላል እንጂ አይቆጣም። እንግዲህ ሕፃን ልጅ የአውቶቡሱን ይስማ ወይስ የክፍሉን?

ማንበብ የጀመረ ሰሞን የአውቶቡሱን ሰማ። ከአያቱ ጋር ሲሳፈሩ መቀመጫው ሁሉ ተይዟል፤ አንድ ወታደር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። ልጁ ጥቅሱን በጣቱ እያመለከተ፣ ፊደል በፊደል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪሰማ አነበበለት። ወታደሩ ብድግ አለ። ሰው ሳቀ። እህትዎ ግን መቀመጡን ትተው የልጁን ጆሮ ያዙ፦ «ታላቅህን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሳለህ? ያውም መሣሪያ የያዘ?» ወታደሩ እንደ ቆመ፣ እርሳቸውም እንደ ቆሙ፣ መቀመጫው ባዶውን ገበያ ደረሰ።

ለሕክምና ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ ደግሞ ይብሳል። እርስዎ እንደሚያውቁት እህትዎ ዕብራይስጡ አልገባ ብሏቸዋል፤ ስለዚህ የቤቱ አፈ ጉባኤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሐኪሙን ጤናውን፣ የልጆቹን ደህንነት፣ የእናቱን ነገር ጠይቀው፣ መርቀው ሲጨርሱ፣ ልጁ «ሻሎም ትልሃለች» ብሎ ይገላግላቸዋል። ሐኪሙ በአጭሩ «ስኳር ይቀንሱ» ሲል ግን ትርጉሙ ይረዝማል፦ ቤት ውስጥ ያለ ቸኮሌት በሙሉ ዛሬውኑ ለልጅ ልጅ ይሰጥ!

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን ያሳስባል። አያቱ የመብራት ሒሳብ እንኳ ያለ እርሱ እንደማያነቡ ያየ ልጅ፣ «አክብር» ቢሉት «ለምን?» ይላል። ምክር ተሞከረ። ቁጣም ተሞከረ። ሁለቱም ቴሌቪዥኑን አላሸነፉም።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀበት ነው። እህትዎ «በአንድ አውሮፕላን ከ1,000 በላይ ሆነን መጣን» ሲሉ ልጁ እንደ ተረት ይቆጥረው ነበር። ዘንድሮ አስተማሪዋ ስለ ዘመቻ ሰሎሞን አስተማረቻቸው፦ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ እንደመጡ፣ አንድ የኤል አል ቦይንግ 747ም በእርግጥ ከ1,000 በላይ ሰው እንደጫነ። ልጁ እጁን አወጣ፦ «አያቴ እዚያ ውስጥ ነበረች!» ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። የዚያን ዕለት ማታ ማንም ሳያዘው ውኃ ይዞ መጥቶ አስታጠባቸው፤ አቦሉንም እየተንቀጠቀጠ፣ ግማሹን ስኒ ማስቀመጫው ላይ እያፈሰሰ፣ መጀመሪያ ለእርሳቸው አደረሰ። ጥያቄው ግን አላለቀም፦ መስኮት ነበረ? ማን አለቀሰ? ምን በላችሁ?

በዚህ ወር ለቤተ እስራኤላውያን የስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ወጡ። በዓሉ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ የታወቀ ነው፤ ባለሥልጣናትም ይመጣሉ። ቄሶቹ በባለ ቀለም ጥላቸው ሥር ቆመው ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ሲያብራሩ፣ የልጁ የቤት አማርኛ አልደረሰበትም። የአያቱን ነጠላ እየጎተተ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይል ጀመር። እህትዎ ጊዜ ወስደው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተረጎሙለት፦

«አያትህን አክብር፣ ቸኮሌቷንም መልስ አሉ።»

በርበሬው ደርሷል። ጫማው ቁጥሩ 41 ነው ወይስ 42?