ስለ «የኔታ» እና ስለ «ቲቸር» የዜማ ምልክቶች

ድጓ የትም ሊማሩት ይቻላል፤ ለመመስከር ግን ጋይንት፣ ቤተ ልሔም መሄድ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም ከዚያው አገር ነው። እንግዲህ ተማሪ የትምህርት ቤት ሰዎችን እንዴት ይጥራ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሌላ የት ሊጠና? ሙግቱ ሁሉ «የኔታ» ይሻላል፣ «መምህር» ወይስ «ቲቸር» በሚል ቃል ላይ ነው። ይህ ጥናት ግን ነገሩ ያለው ዜማው ላይ መሆኑን ያስረዳል።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሦስት ነው፦ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። የአብነት ተማሪ «የኔታ» የሚለውም በሦስቱ ነው። በግዕዝ ሲል ቅጸላውን ጨርሷል፤ ይሰማልኝ ማለቱ ነው። በአራራይ ሲል ቁራሽ ሊለምን እንደወጣ አምሽቷል። በዕዝል ሲል አገር ቤት አያቱ ሞተዋል፤ ፈቃድ ይፈልጋል። በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ በዕዝል የተረዱ አያት አሉ። የኔታ ሁለቱንም ጊዜ «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ሁለተኛውን ግን ረዘም አድርገው ያዩታል። እሳቸው በበኩላቸው ተማሪውን «ጎጃሜ»፣ «ላስቴ» እያሉ በአገሩ ስለሚጠሩት፣ የየትኛው አገር አያት እንደሚበዙ ያውቃሉ።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንለፍ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ የድጓን ምልክቶች ሲያደራጁ የሒሳብ ፈተናን አላሰቡም። ምልክቶቹ ግን ለ«ቲቸር» ልክክ ብለዋል። ድምፅ በሚወርድበት በድፋት የሚጠራ የቤት ሥራውን አልሠራም። በርክርክ የሚጠራ ግማሽ ነጥብ ይለምናል። በይዘት ድምፁን ያዝ እያደረገ «ቲ...ቸር» የሚለው፣ ጥያቄው ደወል እስኪደወል እንዲደርስለት ነው። ቁርጥ ለማስጠንቀቂያ ብቻ ይውላል፤ «ቲቸር መጣ!» ሲባል አንቱታው በችኮላ ይቀራል፣ ክፍሉም ጸጥ ይላል።

ለርዕሰ መምህሩ ምንም ዓይነት አጠራር አልተገኘም። ተማሪ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

እጅግ የዳበረው አጠራር የበር ዘበኛው ነው፤ ይህም የሚገባ ነው፤ መምህር ነጥብ ቢቀንስ ነው፣ ዘበኛ ግን ቀኑን ሙሉ ሊያስቀር ይችላል። ከ2፡00 በፊት ለገባ ተማሪ እሳቸው የሉም፤ ሰላምታም አያገኙም። ደወሉ ሲደወል «ጋሼ» ይሆናሉ። የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሲጀመር «አባባ»፣ በሩ ሲዘጋ ደግሞ «አባቴ»። እየረፈደ በሄደ ቁጥር ዝምድናው ይጠብቃል። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚደርስ ተማሪ ምን ብሎ እንደሚጣራ ግን ለማጥናት አልተቻለም፤ እሱ በአጥር ነው የሚገባው።