ያደረ ውሃ፣ ያደረ ድስት

እዚህ አዲስ አበባ፣ አራዳ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ያውም በፈረቃ። የቧንቧውን ድምፅ የሰማ ከእንቅልፉ ተነስቶ ጀሪካኑን ይደረድራል፤ ያልሰማ ጠዋት ከጎረቤት ይለምናል። ያ ውሃ ሦስት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ይቀመጣል። ጀሪካኑ ወይ ክዳን የለውም ወይ አፉ በፌስታል ተወትፏል። ውስጡን በጣት ሲዳስሱት ያሟልጫል። ማሟለጩን ሁላችንም እናውቃለን፤ አጥቦ የሚሞላ ግን ጥቂት ነው፣ ለማጠቢያም ውሃ ያስፈልጋላ! ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሮቶማ ከተተከለ ጀምሮ ማን ገልጦ አይቶት?

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ መቁጠር ነው። ከቆሻሻው ይልቅ የሚያንገበግበኝ ለነዚህ ፍጥረታት የምንሰጣቸው ጊዜ ነው። ሁሉ ነገራችን «ይቆይ» ነው። ውሃው ይቆይ፣ ወጡ ይቆይ፣ ናሙናው ይቆይ።

ባክቴሪያ ለመባዛት ጓደኛ አይሻም። አንዷ ሕዋስ ትረዝማለች፣ በውስጧ ያለውን ዘረመል ታባዛለች፣ መሃሏ ላይ ግድግዳ ይሠራል፣ ሁለት ትሆናለች። ኢኮላይ የምትባለው የአንጀት ባክቴሪያ ምግቡና ሙቀቱ ከተመቻት ይህን ሁሉ በ20 ደቂቃ ትጨርሳለች። አንዷ በ1 ሰዓት 8 ሆነች ማለት ነው። በ7 ሰዓት ከ2 ሚሊዮን፣ በ10 ሰዓት ከ1 ቢሊዮን በላይ። እርግጥ የአራዳ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህን ያህል አይፈጥኑም፤ ምግብ ሲያልቅባቸውም መባዛታቸው ይቆማል። ጠዋት ተገዝቶ ሳይፈላ ከምድጃ አጠገብ እስከ ማታ የዋለ ወተት ግን ምን ጎደለው? ሙቀት አለ፣ ምግብ አለ፣ ጊዜ አለ።

«እሳት ያየውን ምን ይነካዋል፣ ልጄ?» ይሉኛል በግቢያችን ያሉ እናት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ የተቀመጠውን ድስት እየከፈቱ። እማማ፣ እሳት የማይበግራቸው አሉ እላቸዋለሁ፤ ስንቴ እንዳልኳቸው እግዜር ይወቅ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲነጥፍባቸው ስፖር ይሠራሉ። ሕዋሷ እኩል ባልሆነ መንገድ ትከፈልና ትልቋ ክፍል ትንሿን ውጣ በንብርብር ሽፋን ትጠቀልላታለች። ከትንሿ ውስጥ ውሃው ይወጣል፣ ሥራዋ ሁሉ ይቆማል። በመጨረሻ እናቲቱ ፈርሳ ስፖሩ ብቻ ይቀራል። ከአንድ ሕዋስ የሚወጣው አንድ ስፖር ስለሆነ ቁጥር አይጨምርም፤ ክፉ ቀን ማሳለፊያ ነው። የአባ ሰንጋ ስፖር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተኝቶ ከብት ሲግጥ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

አራዳ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሰፈር ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለኮሌራና ለታይፎይድ ይህ ይበቃል፤ ስለዚህ ውሃችሁን አፍሉ፣ አትስነፉ። ስፖርን ግን አይገድልም።

የድግሱ ነገር ነው ይበልጥ የሚያሳዝነኝ። ተዝካር ወይም ሰርግ ሲሆን ድንኳን ይጣላል፣ የሥጋ ወጡ ሌሊቱን በትልልቅ ብረት ድስት ይሠራል፣ ሲበስል ይከደንና ለነገ ምሳ ይቀመጣል። ሥጋው ላይ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የምትባል ባክቴሪያ ስፖሯ ካለ፣ መፍላቱ ራሱ ይቀሰቅሳታል። ኦክስጅን ጠላቷ ነው፤ እሱንም ፍላቱ አባሮላታል። የትልቅ ድስት መሃል ለሰዓታት ሙቀቱን አይለቅም፤ ከ43 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ትሆናለች። በማግስቱ ወጡ ለብ ተደርጎ ይቀርባል። እንግዳው ሌሊት ሆዱን ይዞ ያድርና ቅቤው ነው ይላል፣ ዓይን ነው ይላል። ወጡ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ ቢቀዘቅዝ፣ ሲቀርብም እስኪንተከተክ ቢሞቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የሩዙ ደግሞ ይብሳል፦ ባሲለስ ሴሪየስ የምትባለው ባክቴሪያ ባደረ ሩዝ ውስጥ የምትተወው አስመላሽ መርዝ ቢያሞቁትም አይጠፋም።

ሰላጣውስ? የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ከየግቢያችን የተቀበሉትን ይዘው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በአቃቂ ውሃ የለማው ሰላጣና ቆስጣ ተመልሶ እኛ ገበታ ላይ ይወጣል። ጥንቃቄያችን ደግሞ አይቆይም፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከተማዋን ሲያስጨንቅ ሁሉም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሳሙናውም ከየካፌው መታጠቢያ ጠፋ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፣ እሮሮዬ እዚያም አይቀርልኝ። ሰው የቧንቧ ውሃ በባዶ ሃይላንድ ቀድቶ፣ ግማሽ ቀን በፀሐይ በታክሲ አዟዙሮ ያመጣና «ንጹሕ ነው ወይ?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? የምቆጥረው ቧንቧው ውስጥ የነበረውን ይሁን መንገድ ላይ የተወለደውን በምን ልለየው? ናሙና በተቀቀለ ንጹሕ ጠርሙስ፣ በበረዶ ተከብቦ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት።

ቆጠራው ለባለጉዳይ ቀላል ይመስላል። አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ ማየት አያዋጣም፤ የሞተውም የቆመውም አንድ ይመስላል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትር ወስደን በ9 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ እናቀጥናለን፣ ከዚያም ላይ 1 ወስደን እንደገና፣ እንደገና። ከየደረጃው አጋር ላይ እንዘራለን። ይህን ከባሕር አረም የሚገኝ ማርጊያ ለላቦራቶሪ የጠቆመችው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋኒ ሄሰ የተባለች ሴት ናት፤ ከጓዳዋ ታውቀው ነበር፤ ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አጋሩ ላይ ማደግ የቻለች ሕዋስ ሁሉ አድራ በዓይን የምትታይ ኮሎኒ ትሆናለች። ከ30 እስከ 300 ኮሎኒ ያለውን ሳህን መርጠን ቆጥረን በቀጠነበት ልክ እናባዛለን። ለመጠጥ ውሃ ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፈን ማጣሪያውን እናሳድራለን። ኢኮላይ ዜሮ መሆን አለበት። አንድም አይፈቀድም።

ዕቃ መቀቀያው ኦቶክሌቭ እንኳ ከፍታችን ያስቸግረዋል። ስፖር የሚገድለው 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ነው፤ መመሪያ መጽሐፉ ለዚህ 15 ፓውንድ ግፊት ይላል፤ እኛ ዘንድ መርፌው 15 ላይ ሲቆም ሙቀቱ ገና 117 አካባቢ ነው። ግፊቱን ብቻ አይቶ የሚያጠፋ ባልደረባ ዛሬም አለ፤ ስነግረው ይሰለቻል።

ይህን ሁሉ አልፈን ሳህኖቹን ኢንኩቤተር ውስጥ ስናስገባ መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ሙቀቱ ወርዶ ያደረ ሳህን ቁጥሩ አይታመንም፤ ናሙናው እንደገና ይምጣ ብለን እንጽፋለን። ባለጉዳዩም ይቆጣል፣ እውነቱን ነው፤ ልጆቹ ያንን ውሃ ትናንትም ዛሬም ጠጥተውታል። ለሁለተኛው ናሙና ግን እባካችሁ በረዶ ይዛችሁ ኑ፣ ከሰዓት በፊት።