የጠያቂዎችን ብቃት ለመመዘንና ፈቃድ ለመስጠት የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከደጋው ገብስ እስከ ተከዜ በረሃ ያለህ፣ ፍየል ያገድህ፣ ቀፎ የሰቀልህ፣ ልጅህን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተህ ዓይንህን ከመንገድ ላይ ያልነቀልህ ሁሉ ስማ!

እኛ፣ በጋዝጊብላ ምድር የምንገኝ የተመራቂ አባቶች፣ እናቶች፣ አጎቶች፣ የክርስትና አባቶች፣ የእቁብ ዳኞችና አበዳሪዎች፣ በአስከተማ ከአንድ ወይራ ጥላ ሥር ተሰብስበን ነገሩን ከነግህ እስከ ሠርክ ስናወጣና ስናወርድ ከዋልን በኋላ፣ ይህን አዋጅ አውጀናል። አዋጅ ማውጣት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወረዳችን የምትገኝባት ዋግ ሹማምንቷ ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩባት፣ ነጋሪት የሚጎሰምላቸውም ምድር ነበረችና። ከመካከላቸውም ዋግሹም ጎበዜ፣ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት እስከ መሆን ደርሰዋል፤ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ከትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ጋር ተፈትነው ወደቁ እንጂ፤ ድጋሚ ፈተናም አልተፈቀደላቸውም።

ለአዋጁ ምክንያት የሆነው ነገር እነሆ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በምግብ እጦት መቀንጨሩ በ2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ቃል ሲገባ፣ ቃሉን በጎረቤታችንና በርእሰ ከተማችን ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው። እኛም ደስ አለን፤ ሕፃኖቻችንም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጋድመው ቁመታቸው በሴንቲ ሜትር ተለካ። ሆኖም ያ ሕፃን ከሰሌዳው ተነሥቶ፣ በኽምጣና አፉን ፈትቶ፣ በአማርኛ ፊደል ቆጥሮ፣ በሰሜኑ ጦርነት ዘመን የትምህርት ቤቱ ደወል ዝም ያለበትን ወራት በፍየል ጥበቃ አሳልፎ፣ በመጨረሻም በእንግሊዝኛ ሊፈተን በተቀመጠ ጊዜ፣ ከቁመቱ ይልቅ ትከሻው ሲለካ አየን፤ ለካ ሰሌዳውን ይዘን ከኋላው ስንከተለው የኖርነው እኛው ነበርን።

በፈተናው በራሱ ላይ ጠብ የለንም፤ ይህን መንግሥት ይወቅልን። የጤና ባለሙያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለሙያ ፈቃድ ይመዘናል፤ የቅድመ ምረቃ ተማሪ ሁሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ከቴክኒክና ሙያ የወጣው ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና ይጠብቀዋል፤ ጠበቃውም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ሳይፈተን በፌዴራል ችሎት አይቆምም። መልካም ነው። አዋላጅዋ ሳትመዘን እጅዋን በልጆቻችን ማሕፀን ላይ ትዘርጋ የሚል ሰው ከኛ መካከል አልተገኘም። ያልተመዘነው ሌላ ነው፤ ጠያቂው ነው። ተፈታኝዋ አንድ ጊዜ ተቀምጣ ስትፈተን፣ “ውጤቱስ?” የሚላት ሰው ግን በምን ዕውቀቱ፣ በማን ፈቃድና በስንት ነጥብ እንደሚጠይቃት የሚደነግግ ሕግ፣ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ ወጥቶ አላየንም። ወበእንተዝ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ከእንግዲህ ወዲህ በጋዝጊብላ ወረዳ ማንም ሰው የሙያ ፈቃድ ወይም የመውጫ ፈተና የወሰደን ልጅ “አለፍህ?”፣ “አለፍሽ?”፣ “መቼ ነው የሚወጣው?”፣ ወይም አንገትን ዘንበል አድርጎ “እንዴት ነው ያ ነገር?” ብሎ ለመጠየቅ በቅድሚያ የጠያቂነት ብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። “እኔ እንኳ ልጠይቅ ብዬ አይደለም” ብሎ መጀመር መጠየቅ መሆኑ ታውቆ፣ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል።

አንቀጽ 2። ፈቃዱን የሚሻ ሰው በጽሑፍ ይፈተናል፤ ማለፊያውም ልጆቹ የሚጠየቁት ያው ከመቶ 50 ነው። ከጥያቄዎቹ ጥቂቱ፦ ልጁ የተማረው ምንድን ነው? (“ኮምፒውተር ነገር” የሚል መልስ ነጥብ አያሰጥም።) ፈተናው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ልጁ ከመፈተኑ በፊት በነበረው ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛ? የመሳፈሪያው ገንዘብ ከማን ተገኘ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሁሉም በትክክል እንደሚመልስ ስለምናውቅ ነጥቡ ዝቅ ተደርጓል። ለሙከራ ያህል ከራሳችን ጉባኤ ሰባት ሰዎችን ብንፈትን፣ ስድስቱ ወድቀው ግማሹን ነጥብ ያገኙት አንዲት አሮጊት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ እርሳቸውም በወረቀቱ ላይ ምንም ሳይጽፉ እዚያው ወደ ቆመች አንዲት ተፈታኝ ልጅ ዘወር ብለው “ልጄ፣ እህል ቀምሰሻል ወይ?” ቢሉ፣ ጥያቄው ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ ነው ተብሎ ስድስቱ ወዳቂዎች ይግባኝ ብለውባቸዋል።

አንቀጽ 3 በአጎቶች ተቃውሞ ምክንያት ለጊዜው ባዶ ነው።

አንቀጽ 4። ይህ አንቀጽ ስለ ሻደይ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረንም እርሱ ነው። ነሐሴ 16 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶቻችን ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው ከደጅ ወደ ደጅ እየዘፈኑ ሲዞሩ፣ በየዩኒቨርሲቲው የሰነበቱት ሴቶች ልጆቻችንም ከነርሱ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ወቅቱም የውጤት መጠበቂያ ወቅት ነው። ከመካከላችን አንዱ እንደ መሰከረው፣ ነርስነት ያጠናች አንዲት ልጅ ከጓደኞችዋ ጋር በአንድ ደጅ ላይ ቆማ፣ ከበሮው ደርቶ፣ ሣሩ ወገብዋ ላይ እየተወዛወዘ ሳለ፣ የቤቱ እመቤት ስጦታቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ቀርበው በጆሮዋ “ውጤቱ እንዴት ሆነልሽ የኔ ልጅ?” አልዋት። ከበሮው አላቆመም፤ እግርዋ ግን ምቱን ሳተ። የቀሩት ልጃገረዶች ግጥሙን ሲቀበሉ እርስዋ በሣርዋ ላይ አንድ ዘለላ ይዛ በሁለት ጣትዋ ስትከፍለው፣ ደግሞም የተከፈለውን ስትከፍለው ታየች። ስለዚህ ሻደይ በወገብዋ ላይ ያለች ልጅ በማንም አትጠየቅም፤ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ሣሩ እስኪፈታ ይጠብቅ።

ነገሩን ስንመረምር ከመካከላችን አንድ አረጋዊ መሪጌታ ቆመው፣ አበው ለካ ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር አሉ። የድጓ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ብዙውን ጊዜም ለእናቱ እንኳ ሳይነግር በሌሊት ከቤቱ ይጠፋል፤ በቁራሽ ያድራል፤ ከውሻ ጋር ይሟገታል፤ ትምህርቱ ሲደላደልለት ደግሞ ድጓውን ለማስመስከር ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ይወርዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ፈተናው የቀለለ አይምሰላችሁ፤ መምህሩ አንዲት ምልክት ስታልፈው ወደ ኋላ የሚመልሰው ነው፤ ዓመትም ይጨምርበታል። ነገር ግን፣ አሉ መሪጌታ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ አጎት እንኳ ወደ ቤተልሔም መንገድ ወርዶ “ዘንድሮ ትመሰክራለህ ወይ?” አላለም፤ ልጁ በየት እንዳለ የሚያውቅ ስላልነበረ። የወደቀውም በመምህሩ ፊት ብቻ ወድቆ፣ በመምህሩ ፊት ተነሣ። ጉባኤው ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ ከዝምታውም በኋላ አንድ አጎት “የዛሬዎቹ ግን ስልክ አላቸው” ብሎ ተቀመጠ።

አንቀጽ 5። ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ተፈታኙ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሲወጣ ብቻውን ይውጣ። እናት ከግማሽ ዳገት ልትመለስ ትችላለች፤ ጎረቤት ግን በሬ ጠፍቶብኛል ብሎ በዚያው ሰዓት በዚያው ጉብታ ላይ መገኘት አይፈቀድለትም። ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ወደ ሰማይ አንሥቶ ያችን የምትሽከረከር ክብ ሲጠብቅ የፊቱን መልክ ከሩቅ አንብቦ ወሬ ወደ መንደር ማውረድም የተከለከለ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ እረኛ፣ ልጁ ፀሐይ ዓይኑን ስለ ወጋው ፊቱን ቢያጨማድድ፣ ወደቀ ብሎ አስለቅሶን ነበር።

አንቀጽ 6። ለተፈታኝ በቡና ላይ ቁጥር መጥቀስ ክልክል ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸውን፣ በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመጀመሪያው የመውጫ ፈተናም ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ መሆናቸውን፣ ከዚያ ስኒ ፊት ከተቀመጠችው ልጅ ይልቅ የሚያውቅ የለም። እኛ ይህን ቁጥር የሰማነው በሬዲዮ ነው፤ እርስዋ ግን ውስጡ ናት።

አንቀጽ 7 ስለ ባለ ድርሻዎች ይደነግጋል። ለመሳፈሪያ 200 ብር የሰጠ አጎት፣ ፍየሉን ሸጦ ያበደረ ጎረቤት፣ “በጀርባዬ አዝዬዋለሁ” የምትል አክስት፣ እያንዳንዳቸው የልጁ የወደፊት ደመወዝ ባለ አክሲዮን ነን ማለታቸው ስለ ተደረሰበት፣ ድርሻቸው በዚህ አዋጅ እንዲሟሟ ተደርጓል፤ ለፍየሉ ግን ፍየል ይመለሳል። ነርስነትም ሆነ የላቦራቶሪ ሙያ የሚማረውን ልጅ ገና በሁለተኛ ዓመቱ “ዶክተር” እያሉ መጥራት፣ ልጁ ሹመቱን ሳይቀበል የሾሙትን ሰዎች በሐሰት ሿሚነት ያስጠይቃል። ባለፈው ዓመት ዶክተር ተብሎ የተጠራ ልጅ ዘንድሮ ሳያልፍ ቢቀር፣ ዶክተርነቱን የሚያወርደው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አስፈልጎናልና፤ ጉባኤው መልስ አላገኘለትም።

አንቀጽ 8። ይህን አዋጅ የተላለፈ ሰው ከሚከተሉት አንዱን ይመርጣል፦ ሀ. የልጁን ሞጁሎች በራሱ ተሸክሞ ጉብታውን ይወጣል፤ ለ. ሦስት ቀን “ልጅህ መቼ ያገባል?” እየተባለ ይጠየቃል፤ ሐ. ሀ እና ለ መልስ ናቸው፤ መ. መልስ አልተሰጠም። ከአንድ በላይ ያጠቆረ ቅጣቱ ሁሉ ይፈጸምበታል።

አንቀጽ 3 እንደ ገና ቀርቦ በአጎቶች ተቃውሞ ባዶነቱ ጸንቷል።

ይህ አዋጅ በአስከተማ ተጽፎ፣ በሦስት ቅጂ ተባዝቶ፣ በወይራው ግንድ ላይ ተለጥፏል። ማኅተም ያልተመታበት፣ ማኅተም ያዡ ለሲኦሲ ወደ ሰቆጣ ስለ ሄደ ነው፤ ሲመለስ ማንም እንዳይጠይቀው።