ይድረስ ለክቡር ክረምት

ከውጫሌ በላይ ካለው ዳገት፣ በሐምሌ ወር

ጉዳዩ፦ በነሐሴ አጋማሽ ለሚጠበቅ ምጥ የጥቂት ቀን ፋታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አቤቱታ ለሚመለከተው አካል ይቅረብ ይባላልና፣ የሚመለከተውን አካል ፍለጋ ብዙ በር አንኳኳሁ። የመንገዱን ነገር ስጠይቅ «ክረምቱ ይለፍና» አሉኝ። መሻገሪያውስ? «ከክረምት በኋላ ይታያል።» አምቡላንሱስ? «መኪናው አለ፣ ሹፌሩም አለ፤ ግን በዚህ ክረምት እንዴት ተደርጎ!» መብራት ሲጠፋ ክረምት ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ክረምት ነው፤ ማኅተም ያዡ ከቢሮው ሲጠፋም ክረምት ነው። ሁሉም ጣቱን ወደ ሰማይ ሲቀስርብኝ ወደ ፈጣሪ የሚመሩኝ መስሎኝ አማትቤ ወጣሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ለካ አለቃቸው እርስዎ ኖረዋል። ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድ ጋሪ አሸዋ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በየቢሮው ከምመላለስ ዋናውን ባለሥልጣን ባነጋግር ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ስለ ቤተሰባችን ባጭሩ ልንገርዎ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ነሐሴ ሲብት ወሯ ይገባል። የሦስት ዓመት ሴት ልጅም አለችን። እሷ የተወለደችው በጥር ነው፤ እናቷ ምጡ ሲጀማምራት ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ፣ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ይዛ፣ ማታውኑ በሰላም ተገላገለች። በጥር ለሚወለድ ልጅ የአገሩ የጤና አገልግሎት እንከን አይወጣለትም። ሪፖርቶቻችንም አብዛኞቹ በጥር የሚጻፉ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ለምን ነሐሴ ላይ ዋለ ብለው ግን እንዳይቀየሙን። የነሐሴ ልጅ የኅዳር ሥራ ነው። ኅዳር እህል የሚሰበሰብበት፣ ጎተራ የሚሞላበት፣ ባልና ሚስት የሚፋቀሩበት ወር መሆኑን እርስዎ ከየት ያውቁታል? ያኔ እረፍት ላይ ነዎት።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ እናትን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ብላ አስተምራናለች። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው ጤና ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ እርዳታ ለማግኘት መዘግየት። አሁን ብትፈትነን ደፍነን እናልፋለን። ውሳኔውን ከወሰንን ከርመናል፤ ካርዱ ወጥቷል፤ ልብሱ በፌስታል ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ሁለተኛው መዘግየት ግን የእርስዎ ክፍለ ሥራ ነው። በ2008 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት በጤና ተቋም የሚወለደው ከ100 ሕፃናት 26 ብቻ ነበር፤ በ2011 ወደ 48 ከፍ አለ። በሦስት ዓመት እንዲህ ያለ ለውጥ ያመጡ እናቶች እምቢተኛ አይደሉም ማለት ነው። የቀሩትን ግን እስከ ዛሬ «የግንዛቤ ችግር አለባቸው» ይሏቸዋል። ኧረ ግንዛቤስ ተርፎናል! እኛ ያጣነው መሻገሪያ ነው።

ከዚያ ወዲያ «ማቆያ ትግባ» ይሉኛል። ማቆያው ጥሩ ነገር ነው፤ ከሩቅ የምትመጣ እናት ቀኗ እስኪደርስ ጤና ጣቢያው ግቢ ገንፎዋን እየበላች፣ ቡናዋን እየጠጣች ትቆያለች። ችግሩ እርስዎ ሲመጡ የዳገቱ ነፍሰ ጡር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ አልጋው ደግሞ የተቆጠረው በበጋ ነው። በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ፍራሽ ሳይቀር ተጭኖ መሄዱን እርስዎም ከላይ ሆነው አይተዋል። ከ2015 ነሐሴ ወዲህም መንገድ የሚዘጋብን በእርስዎ ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ በተኩስም ነው። የዚያኛው አቤቱታ ለማን እንደሚጻፍ ስላልተነገረኝ ለጊዜው አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ሥልጣንዎ ምስጢር ልምጣ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ማለትም ገንዘቡና እርስዎ አንድ ላይ ትገባላችሁ። እርስዎ ስላሉ ሥራ አይጀመርም። መስከረም ሲጠባ ዕቅዱ «ይከለሳል»። ጥቅምትና ኅዳር ስብሰባ ነው። ጥር ላይ ጨረታ ይወጣል፤ አንዱ ቅሬታ ያቀርባል፤ ጨረታው ይደገማል። አሸናፊው ማሽኑን ሚያዝያ ላይ አምጥቶ ያቆመዋል፤ ነዳጅ ይጠብቃል። ሰኔ ሲገባ ግን ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ አገር ይታመሳል! ጠጠሩ ሌት ተቀን ይነሰነሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ርክክብ ይፈጸማል። ሐምሌ ላይ እርስዎ ይመጡና ጠጠሩን አጥበው ሸለቆ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ «መንገዱ በክረምቱ ምክንያት ተበላሸ» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል፤ እርስዎም አንድም ቀን ማስተባበያ ሰጥተው አያውቁም። ትዕግሥትዎን አደንቃለሁ። እኔ ብሆን ስም ማጥፋት ብዬ እከስ ነበር።

አይምጡብን ማለቴ ግን እንዳይደለ ይታወቅልኝ። ወሎ እርስዎን የሚያውቅዎ ከመምጣትዎ ይልቅ በመቅረትዎ ነው። በ1965 እና በ1966 የሆነውን ረሃብ፣ በ1977 የሆነውን እዚህ አገር ማንም ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ አያቶቻችን በስም እየጠሩ ያወሩታል። በ2008 በኤልኒኖ ሰበብ ሲያመነቱም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ሰኔ ላይ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዱበርቲዎች ቡና አፍልተው፣ አማቴም በማርያም ፊት ተንበርክካ፣ በአንድ አፍ የለመኑት እርስዎ እንዲመጡ ነው። በሐምሌ እነዚያው ዱበርቲዎች ለባለቤቴ ዱአ አደረጉ፤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው መረቋት፤ በዚያው ደግሞ ትንሽ ጋብ እንዲሉ ተማጠኑ። ሁለቱ ጸሎት አንድ ላይ ሲደርስ ሰማይ ቤትም ሳይቸገር አልቀረም።

እኛ ቤት የእርስዎ አመጣጥ ይህን ይመስላል። ጉሙ ከጠዋቱ ይወርድና በረቱ ከቤቱ አይለይም። ከሰዓት በረዶ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ እየተጮኸ እንኳን መደማመጥ የለም። ጣሪያው ሦስት ቦታ ያፈሳል። ልጃችን ጣሳና ድስቱን ደርድራ እየዞረች ውኃ ትደፋለች፤ ከቤቱ ሰው መደበኛ ሥራ ያላት እሷ ብቻ ናት። «ሕፃኑ የሚመጣው ጃንጥላ ይዞ ነው?» ብላ እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ ስቃ ስቃ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች።

ያለን ተስፋ እንግዲህ ባህላዊው አምቡላንስ ነው። ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ የተቋቋመው ለቀብር ቢሆንም ለምጥም ይወጣል። ባለፈው እሑድ ቃሬዛውን ሄጄ አየሁት፤ ሁለት ደህና የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሐሉ ጠፍር። ጠፍሩ በአንድ በኩል ተበጥሶ በሲባጎ ተቀጥሏል። ከላይ ዝናብ የሚከልለው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ተሸካሚ ሆነው የተመዘገቡት ልጆች ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ሊወርዱ ነው ያሰቡት፤ በዚያ ድጥ ኮንጎ ያንሸራትታል። አንዱ ፊት ፊት እየሄደ ባትሪ ያበራል።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ ናዳው ከ200 በላይ ሰው በላ፤ ቀድመው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጭምር ከሥሩ ቀሩ። እኛ ዳገት ላይ ቃሬዛ የሚያነሳ ልጅ ይህን ሰምቷል። ሰምቶም ስሙን አስመዝግቧል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልመለስና ውል እንዋዋል፤ ውጫሌ ደግሞ ውል የሚያውቅ አገር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ይስማ ንጉሥ ላይ ባለ 20 አንቀጹን ውል ሲዋዋሉ እርስዎ ገና አልገቡም ነበር። ሐምሌ ላይ ቢሆን ኮንቱ ድጡ መሐል በቀረልን፣ ያ ሁሉ የአንቀጽ 17 ጣጣም ባልመጣ። ጣጣው የተቋጨው ዐድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ እሱም በጋ። ትልልቁ የአገር ጉዳይ ሁሉ በበጋ ይፈጸማል፤ ቀን የማይመርጥ ምጥ ብቻ ነው።

እኛ የምናቀርበው ውል አጭር ነው። ከነሐሴ 10 እስከ ፍልሰታ መፍቻ ወንዙ ከጉልበት በላይ እንዳይሞላ። ምጡ ሌሊት ከመጣ ጉሙ ባትሪ የሚያሳልፍ ያህል እንዲሳሳ። በረዶው፣ የግድ ከሆነ፣ ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ከገባች በኋላ እንዲወርድ። ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ከተባለችም የሐይቅን መንገድ እንዲለቁልን። አንቀጽ 17 ይዘለል፤ በዚህ ሰፈር ያ ቁጥር ገድ የለውም።

ውለታዎን በከንቱ አናስቀርም። በሰላም ካሳለፉን፣ ወንድ ከሆነ ስሙን ዝናቡ እንለዋለን። ሴት ከሆነች ግን ይቅርታ ያድርጉልን፤ ፀሐይ ነው የምንላት፤ እናቷ ወስናለች፣ እኔም ይግባኝ የምልበት ቦታ የለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የዳገቱ አባወራ

ግልባጭ፦

ለሚመለከታቸው ቢሮዎች፤ ከክረምት በኋላ እንዲያነቡት።

ለቅሬያችን ዳኛ፤ ሲባጎው አያስተማምንምና ቅዳሜ ከገበያ ሁለት ክንድ ጠፍር ይገዛ፤ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ።